ለጢንዚዛ የታሰበ ስም

የጉልላት ሚስት ሰርኬ ከቤት የወጣችው በየካቲት ነው፤ ከተማው በነደደበት በዚያ የካቲት። ገነተ ልዑል ግቢ አጠገብ የምትኖር እኅቷ ወልዳ ነበርና፣ ማልዳ ተነሥታ ቅቤና የአጥሚት እህል ቋጥራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቀራንዮ በእግሯ ወረደች። ደጃፍ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ዶሮዎቹን አደራ አለችው። ጉልላት ቀለም እየፈጨ ስለነበር ቀና ሳይል እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ቀና ቢል ምን ሊያይ። የእኅቷ ሰፈር ሦስት ቀን ነደደ። እሳቱ ሲበርድ ሄዶ አመዱን በእንጨት ሲቆሰቁስ ሰነበተ፤ የእሷ ነው ብሎ የሚያነሣው አንዲት ነገር አላገኘም። እኅቲቱም፣ ባልየውም፣ ሕፃኑም ደብዛቸው ጠፋ።

በእኛ አገር የቀረ ሰው እንዲሁ በዋዛ አይቀርም፤ እርሙ ይወጣል። ዘመድ ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ ካህኑ በክርስትና ስሙ ፍትሐት ያደርስለታል፣ አቅም ያለው ተዝካር ያወጣል። ሬሳው ባይገኝም ያ ሰው ከዚያ በኋላ ከሙታን ተቆጥሯል፤ ቤተሰቡም ጥቂት ዕረፍት ያገኛል። ጉልላት ግን አልፈልግም አለ። ጎረቤቱ ወይዘሮ ሸዋገነት መከሩት፣ ዘመድ ተቆጣው። የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ካህን መምሬ ወንድይፍራው ቤቱ ድረስ መጥተው ነፍሷን አታንገላታት ብለው ገሠጹት። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ ሬሳ አላየሁም፣ ሬሳዋን ያላየኋትን ሚስቴን አልቀብርም። ግትር ሰው ነበር፤ ግትርነቱን ደግሞ ተስፋ ብሎ ይጠራዋል።

እንዲህ በመሆኑ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚለው ግራ ገባው። እግዜር ያጥናህ እንዳይሉት ለቅሶ አልተቀመጠም፤ ሰርኬ እንዴት ናት እንዳይሉት ሰርኬ የለችም። መጀመሪያ ላይ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ትንሽ ትንሽ እያወሩ ያልፉ ነበር። በኋላ ዝናቡም አዝመራውም አለቀባቸውና አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ማለፍ ጀመሩ። ጉልላትም ወሬው ሁሉ ከዶሮዎቹ ጋር ሆነ። እነሱንም ሸለምጥማጥ አንድ በአንድ ጨረሳቸውና ቤቱ ጭር አለ። የሰርኬን መቀመጫ ከቦታው አላነሣም፣ አልተቀመጠበትምም።

ሙያው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። አለቃ የሚሉትም ለዚህ ነው። በዚህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የመጣ አንድ ሕግ አለ፤ ጻድቅ ሲሣል ፊቱ ሙሉ ይሆንና በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ኃጥኡ፣ ይሁዳው፣ ሰማዕታቱን የሚያርደው ወታደር ከጎኑ ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይተርፈዋል። ማንበብ የማይችል ምእመን ግድግዳውን ቀና ብሎ ሲያይ ማንን መሳለም፣ ማንን አይቶ ማማተብ እንዳለበት በዚህ ያውቃል። ጉልላት ይህን ሕግ የተማረው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ እጁ ያለ እሱ መሄድ አይችልም።

ችግሩ በጣሊያን ጊዜ ግድግዳውን የሚያሥል ደብር አለመኖሩ ነበር። ካህናቱ ግማሾቹ ተበትነዋል፣ የቀሩትም የሚበሉት የላቸውም። ስለዚህ ጉልላት ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነዘንዶው በፍየል ቆዳ ላይ እየሣለ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሰፈሩት የጣሊያን ወታደሮች መሸጥ ጀመረ። ወታደሮቹ ሥዕሉን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ይልኩታል። ሰፈርተኛው ይህን አይቶ ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልተናገረም፤ መብላት ያለ ነው።

ዶቶሬ ፖንቴሊን ያገኘው እዚያ ነው። ፖንቴሊ የጦሩ የበቅሎ ሐኪም ነበር። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ቀጭን፣ ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው ነው። ብዙ ዓመት አሥመራ ኖሮ ትግርኛና አማርኛ ቀላቅሎ ይናገራል፤ መኮንኑንም፣ ቄሱንም፣ በቅሎውንም አንተ ነው የሚለው። የገዛ ወታደሮቹ እንኳ ይሥቁበት ነበር፤ ትልቅ ሰው ወረንጦ ይዞ በሆዱ ተኝቶ የበቅሎ ፋንድያ ሲበትን ቢያዩት ምን ያድርጉ። ሥዕሉን አልገዛም። የጊዮርጊስን ጦር ጫፍ በአጉሊ መነጽር ካየ በኋላ፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ነገር ከነእግሯ መሣል ትችላለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ጉልላት እችላለሁ አለ። ፖንቴሊ ራሱ እንዳይሥል ወባው እጁን ያንቀጠቅጥበታል።

ፖንቴሊ የሚኖረው በግራዝማች ዱባለ ቤት ነበር። ግራዝማች ዱባለ ዱር ገብተው፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ከነእንሥራቸው ተባረው፣ ቤቱ ለበቅሎ ሐኪሙ ተሰጠ። ልጆቹ በሩ ላይ በከሰል የሞነጫጨሩት ፈረስ ገና አልጠፋም ነበር። ጉልላት መጀመሪያ ቀን ሲገባ ፈረሱን እንዳያይ ፊቱን አዞረ።

እንግዲህ ወደ ጢንዚዛዎቹ እንምጣ። ጢንዚዛ ስንል የምናውቀው ክንፉን በጠንካራ ክዳን ሸፍኖ እንደ ባቄላ የሚድበለበለውን ነው። የፖንቴሊ ጢንዚዛዎች እንደዚያ አይደሉም። ቀጠን ረዘም ያሉ ናቸው፤ የክንፋቸው ክዳን ከትከሻቸው ብዙም አይወርድ፣ ከወገብ በታች ገላቸው ራቁት ነው። ሲነኳቸው ጭራቸውን እንደ ጊንጥ ያነሣሉ። ጉልላት ባለ አጭር ካባ አላቸው፤ ፖንቴሊም ስሙን ወደደውና በዚያው ቀረ። ፋንድያ ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሥር፣ የሞተ በቅሎ ላይ ሞልተዋል። ሰው እየረገጣቸው ያልፋል እንጂ አያያቸውም።

ፖንቴሊ ሲያስረዳው፣ ሁሉም ባለ አጭር ካባ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ቤተሰቡ ግን በወገን በወገን ይከፈላል። አንዱን ወገን ከሌላው የሚለየው በእግሩ አንጓ ብዛት፣ በአፉ አሠራር፣ በቀንዱ ቅርጽ ነው። መልኩ ቢመሳሰል አትታለል ይለዋል፤ ወንድማማች መስለው ባዕድ የሆኑ አሉ። ለጉልላት ይህ ቶሎ ገባው። ቤተ ክርስቲያንም ቅዱሳኑን የምትለየው እንዲሁ ነው፤ አንዱን በፈረሱ፣ ሌላውን በአንበሳው፣ አንዱን በያዘው መስቀል።

ብቻ መጀመሪያ ላይ አበላሸ። አንዲት ጥቁር ባለ አጭር ካባ ብልቃጥ ውስጥ የዝንብ ትል ስትቦጫጭቅ አይቶ ነበርና፣ ሲሥላት ከጎኗ ሣላት፤ በአንድ ዓይን። ፖንቴሊ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ ሌላው ዓይን የት ሄደ አለ። ጉልላትም ሕጉን ነገረው። ፖንቴሊ ሳል እስኪይዘው ሣቀ። ኃጥእ ጢንዚዛ የለም፣ ሁሉንም ከላይ ሣልልኝ፣ ሁለቱም ዓይን፣ ሁለቱም ቀንድ፣ ስድስቱም እግር ይታይ፤ እንዲያ ካልሆነ ወገኑን ለመለየት አይረዳኝም አለው። ጉልላት አልተቀየመም። ከዚያ ወዲያ ጨካኙንም ገሩንም እኩል ከላይ ይሥላቸው ጀመር። መጀመሪያ እጁን ከብዶት ነበር፣ ኋላ ለመደው።

ለመደው ስል እንዲያው ሥራውን ብቻ አይደለም፤ ያን ቤትም ጭምር ነው። ሁለቱ ሰዎች በመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ጢንዚዛ በመርፌ ሲወጋ ሌላው በጥጃ ጠጉር ብሩሽ ሲሥል፣ ሰዓቱ ሳይታወቃቸው ያልፋል። ፖንቴሊም ሰው አልነበረውም። መኮንኖቹ ራት አይጠሩትም፤ ስለ አገሩ ሲያወራም የሚጠቅሰው ድንጋይና ወንዝ እንጂ ሰው አይደለም። ጉልላት ደግሞ እዚያ ቤት ሰርኬን የሚጠይቀው ስለሌለ፣ በዝምታም የሚወቅሰው ስለሌለ ደስ ይለዋል። ደስ ማለቱ ያሳፍረዋል። ከተማውን ያቃጠለው የእነዚህ ሰዎች ጦር ነው፤ እሱ የእነሱን ወንበር ያሞቃል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቶቹ በአጥር ቀዳዳ ሲያዩት ባንዳ ሲሉት ይሰማዋል፤ ባይሉትም ይሰማዋል። ሲነጋ ግን ተመልሶ ይሄድ ነበር። ጭር ካለ ቤት የጠላት ቤት ይሻላል እስከማለት ደርሶ ነበርና እንግዲህ ብቸኝነቱን ከዚህ መገመት ነው።

ክረምቱ መሃል ላይ ዝናቡ ለጥቂት ቀን ፋታ ሲሰጥ፣ ፖንቴሊ ከመድኃኔ ዓለም በታች ካለው ገደል አፋፍ አንድ ድንጋይ ገለበጠ። ከሥሩ የጉንዳን ቤት ነበር። ከጉንዳኖቹ መሃል ደረቱ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ጎንና ጎኑ ላይ የወርቅ ጠጉር የመሰለ ጉንጉን ያለው ባለ አጭር ካባ ቁጭ ብሏል። ፖንቴሊ ይዞት ቤቱ ሲመጣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። መጻሕፍቱን ሁሉ ገለበጠ፣ አንጓ ቆጠረ፣ አፉን በመርፌ ከፍቶ አየ። በማግስቱ ጉልላት ሲገባ ፊቱ ገርጥቶ ቆሞ አገኘው።

ይኼ ከማንም ጋር አይሄድም አለው። ከሚታወቁት ወገኖች አንዱም አይቀበለውም፤ ራሱን የቻለ አዲስ ወገን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፋንድያ የበተነው ይህን ለማግኘት ነበር። አሁን ተሥሎ፣ ተጽፎ፣ በአገሩ ላሉ ሊቃውንት ይላካል፤ ከዚያ በፊት ግን ስም ያስፈልገዋል። ስሙን የሚሰጠው ያገኘው ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ደግሞ ማንም አይሽረውም፣ የመጻሕፍት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በሌላ አገር ያለው ይቀራል። አንተ ነህ የምትሥለው አለና ድንገት ዞሮ፣ የምትወደው ሰው ስም ንገረኝ አለው።

ጉልላት ከብዙ ጊዜ በኋላ ስሟን ከአፉ ማውጣቱ ነው።

"ሰርኬ" አለ።

"ማናት?"

"ባለቤቴ።"

"አለች?"

ጉልላት ጎንበስ ብሎ ብሩሹን ይጠርግ ጀመር። ፖንቴሊም ምን እንደሆነች ሳይገባው አልቀረም፤ በዚያ የካቲት ምን እንደተደረገ እሱም ያውቃል። ችግር የለውም አለው ቀስ ብሎ። በሕይወት ላለም ለሞተም ይሰጣል፣ ማንም አይጠይቅም። በላቲን ልማድ ትንሽ ጭራ እንጨምርበትና ሰርኬያ እንለዋለን።

ያን ቀን ጉልላት ወደ ቤቱ የተመለሰው በሌላ እግር ነው። ማንም አይጠይቅም የሚለው ቃል ነው ልቡን ያሞቀው። ዘመዶቹና ካህኑ ሞታ ከሆነ ሞታለች በል፣ ስሟን አምጣና ማረፊያ ይሰጠው ሲሉት ከርመዋል። እነሆ ስሟ ሞታለች ሳይባል የሚጻፍበት ቦታ ተገኘ፤ እሳት የማይደርስበት ቦታ። እንዳላለቅስ፣ እንዳልቀብራት፣ ግን ደግሞ እንዳትጠፋ አለ በልቡ። ለአንድ ግትር ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር ከየት ይገኛል።

ደስታውን ለብቻው መያዝ አቃተውና አጥሩን ተሻግሮ ለወይዘሮ ሸዋገነት ነገራቸው። ወይዘሮ ሸዋገነት ጌሾ እየወቀጡ ነበር። ሙቀጫውን አቁመው አዳመጡት። የሰርኬን ስም ለጢንዚዛ ሊሰጡ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ አለ። ብዙ ይላሉ ብሎ ሲጠብቅ የጠየቁት አንድ ተራ ነገር ነው።

"ምን ይበላል?"

ጉልላት አላወቀም። እግሩ ስንት አንጓ እንዳለው ያውቃል፣ ቀንዱ ከስንት ዶቃ እንደተሠራ ያውቃል፣ ምን እንደሚበላ ግን ጠይቆም አያውቅም። ወይዘሮ ሸዋገነት ወደ ሙቀጫቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ጠየቀ። ፖንቴሊን ጥያቄው ደስ አሰኘው። ከጉንዳኖቹ ጋር በሕይወት ያመጣቸው የዚያው ዓይነት ሌሎች ሁለት ባለ አጭር ካባዎች በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አፈር ለብሰው ነበር፤ አጉሊ መነጽሩን ሰጥቶት ራስህ እይ አለው። ጉልላት ወንበሩን አስጠግቶ አየ። አንዲት ጉንዳን ወደ ጢንዚዛው ጠጋ አለችና የወርቅ ጠጉሩን ትልሰው ጀመር። ስትልሰው ቆየችና ከአፏ ወደ አፉ አጎረሰችው። ሌላ መጣች፣ እሷም ላሰችው፣ እሷም አጎረሰችው። ጉልላት ልቡ ተነካ። እንግዳ ተቀባዮች ናቸው አለ። ፖንቴሊ ራሱን ነቀነቀ። ከጠጉሩ የሚወጣው ነገር ያሰክራቸዋል፣ የራሳቸው ሰው ይመስላቸዋል አለው። ቤታቸው የተነካ እንደሆነ ከገዛ ልጆቻቸው በፊት እሱን ተሸክመው ነው የሚሸሹት። ይኼን ሲናገር ዓይኑ በደስታ ያበራል፤ የሚደነቅ ነገር ነውና።

ጉልላት ማየቱን አላቋረጠም። ጢንዚዛው ጠግቦ ሲያበቃ እየተንፏቀቀ ወደ ውስጠኛው ጓዳ ሄደ። እዚያ የጉንዳኖቹ ነጫጭ እጮች፣ ገና እግር ያላወጡ ልጆቻቸው፣ ተደርድረው ተኝተዋል። አንዱን ያዘና በላው። ሌላውን ያዘ። አጠገቡ የቆመችው ጉንዳን ጎንበስ ብላ ጠጉሩን ትልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉልላት ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ እያደረቀ ብዙ ቀን ዋለ። ፖንቴሊ ለምን ዘገየ ሲለው ቀለሙ አልተስማማኝም ይላል። ቤቱ ሲገባ ከራሱ ጋር ይጣላል። ነፍሳት ነው፣ ምን ያውቃል ይልና ደግሞ እጮቹ ይታዩታል። ስሟ ከዚህ በቀር የት ይጻፋል ይልና ደግሞ እኅቷ አራስ የነበረችበት ቤት ይታየዋል፣ በቅርጫት የተኛው ሕፃን ይታየዋል። ሰርኬ ልጅ አልወለደችም ነበር፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አፍንጫ የምትጠርገው እሷ ናት። በልጅ የሚቀልደውን ሰው ቤቷ አታስገባም። ስሟን ተሸክሞ ዓለምን የሚዞረው ይኼ ነው ቢሏት ምን እንደምትል ያውቃል። ስሟ እንዳይጠፋ ሲል ስሟን ሊያቆሽሽ ነው። ቢተወው ደግሞ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ይኸው ሁለት ነገር ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው ቆየና፣ በመጨረሻ ብሩሹን ሲያነሣ እጁ የሚያውቀውን ሣለ።

ሥዕሉን ሲሰጠው ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ፖንቴሊ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ጢንዚዛው ከጎኑ ነው የተሣለው፤ ጠጉሩ፣ አንጓው፣ የካባው ጠርዝ አንድም አልጎደለም፤ ዓይኑ ግን አንድ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ሥዕል ሥሎ አያውቅም።

"ከላይ ነው ያልኩህ" አለ ፖንቴሊ።

"ሌሎቹን ከላይ ሣልኩልዎ። ይኸን አልችልም።"

"ኃጢአት አያውቅም። ጢንዚዛ ነው።"

"እሱ አያውቅም። እኔ ግን አየሁት" አለ ጉልላት። "ሰርኬ ያበላትን ሰው ልጅ አትበላም። ስሟን ይመልሱልኝ።"

ፖንቴሊ ወረቀቱን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ለጉልላት ይቀለው ነበር። ስም ክብር ነው፣ ጠባይ አይደለም፣ የምትወደውን ሴት ማዋረዴ አይደለም እያለ ሊያስረዳው ሞከረ። እሱ ሽማግሌ ነው፣ ሌላ አዲስ ወገን በዕድሜው አያገኝም፤ ይኼ ካልሆነ ስሟ የትም አይጻፍም። ጉልላት ሁሉንም አዳመጠና አይጻፍ አለ።

"ታዲያ ማን ልበለው?" አለ ፖንቴሊ።

"የራስዎን ስም ይስጡት።"

ፖንቴሊ አጉሊ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አንሥቶ ወለወለ።

"እኔ የበቅሎ ሐኪም ነኝ" አለ በመጨረሻ። "የማንንም ቤት አላቃጠልኩም።"

"አቃጠሉ አልወጣኝም። ግን የተቀመጡበት ቤት የማን እንደሆነ ያውቃሉ።"

ፖንቴሊ በሩን አየ። በሩ ላይ የከሰሉ ፈረስ አለ። ጉልላት ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ተነሣ። ደህና ይሁኑ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ በዚያ ክረምት ከዚህ ሰው በቀር ያዋራው አልነበረምና ነገሩ አሳዘነው። እጅ ነሥቶ ብቻ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ጦሩ በቅሎውን ጭኖ ወደ ጅማ መንገድ ተነሣ፣ ሐኪሙም አብሮ ሄደ። ያ ጢንዚዛ በማን ስም እንደተጻፈ፣ ጭራሽ ይጻፍ አይጻፍ፣ ጉልላት አላወቀም፤ እኔም አላውቅም።

ጉልላት ግን ያን ቀን ከዚያ ቤት እንደወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደም። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። የሚሄድበትን ሳያስብ ይሄድ ነበር። በእጁ ብሩሽ ይዟል፣ ሌላ የያዘው ነገር የለም፤ ግን አንድ ከባድ ነገር እንደተመለሰለት ይሰማዋል። ስሟን አስመልሷል። አሁን የት ያድርገው። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ አፉ ውስጥ ይዞት ዞረ፤ ለሰው አልሰጠ፣ ለእግዜር አልሰጠ። ሊሰጠው የተስማማው ለማን ነበር ቢባል፣ ልጅ ለሚበላ ጢንዚዛ ነው፤ ያውም ሞታለች የሚለውን ቃል ላለመናገር ሲል። ይህን ሲያስበው ራሱን ናቀ። እግሩ የመድኃኔ ዓለምን ዳገት ይዞ ኖሯል።

መምሬ ወንድይፍራው ከቅጽሩ ውስጥ ጽድ ሥር ቆመው ከነጠላቸው ላይ ውኃ ያራግፉ ነበር። ሲያዩት አልደነቁም፣ ለምን መጣህም አላሉት። ለወራት ሲሸሻቸው የነበረ ሰው ፊታቸው ሲቆም መስቀላቸውን አወጡለት። ጉልላት መስቀል ተሳለመ።

"ስም ላስነሣ ነው የመጣሁት፣ አባቴ" አለ።

"ክርስትና ስሟ ማነው?"

"ወለተ ጻድቅ።"

መምሬ ወንድይፍራው ስሙን ለራሳቸው ደገሙት። ካህን በጸሎት የሚያነሣውን ስም ሲቀበል የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይቀራል። የሰርኬን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ያን በር ብዙ ጊዜ አንኳኩተው ተመልሰዋል። ይሁን እንጂ ይህን ካህኑ ራሱ አይመልሰውም፤ ስሙን ያመጣው ሰው ነው የሚናገረው። ስለዚህ ማንንም እንደሚጠይቁት ጠየቁት።

"ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን?"

ከጽዱ ላይ የዝናቡ ቅሪት ይንጠባጠብ ነበር። ሊሉት የነበረውን ሁሉ ብለውታልና መምሬ ወንድይፍራው አላጣደፉትም፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ጠበቁት። ወደ ኋላ ተመልሶ አላውቅም ቢላቸው ያሰናብቱታል፤ ሰርኬም አንድ ቀን ጭቃዋን ከእግሯ እያራገፈች በደጃፉ የምትገባ ሆና ትቀራለች። ያን ተስፋ ተንተርሶ ስንት ሌሊት አድሯል።

"ከሙታን" አለ።

የተናገረው ቀስ ብሎ ነው። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ግን ሰርኬ ሞተች፤ ጉልላትም እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።